ትራምፔቱን ልከራይ ወይስ ልግዛ?

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ትራምፔት መማር ከጀመረች ሦስት ሳምንቷ ነው። የምትለማመደው በትምህርት ቤቱ መሣሪያ ነው፤ ወደ ቤት ይዛው እንድትመጣ ግን አይፈቅዱም። ሦስት ምርጫ አለኝ። አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር በየወሩ እየከፈልኩ እንድከራይ፣ ከወደድኩት ደግሞ ውሎ አድሮ የራሴ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቦልኛል። አንድ ወዳጃችን ልጁ የተወውን ትራምፔት በአዲሱ ግማሽ ዋጋ ልሽጥልሽ ብሎኛል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ከዚያም በታች የሚሸጥ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ አዲስ አይቻለሁ። ልጄ ዓይኗን የጣለችው እሱ ላይ ነው። ባለቤቴ «ኪራይ ማለት ገንዘብ ውሃ ውስጥ መጣል ነው» ይላል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ከሰማያዊው እንጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። አይግዙት። ምክንያቱን ወደ ታች አመጣዋለሁ። የቀሩት ሁለቱ ደህና ምርጫዎች ናቸው። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለውን የሚወስነው ግን የገንዘቡ ስሌት ብቻ አይደለም። እንዲያውም ስሌቱ ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው «ይህ ትራምፔት በትክክል ይሠራል ወይ?» የሚለው ነው።

ማን እንደሆንኩ ልናገርና ልቀጥል። የብራስ መሣሪያ፣ ማለትም እንደ ትራምፔት ያሉ ከናስ የተሠሩ የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ጠጋኝ ነኝ። ትሮምቦን እጫወታለሁ፤ እንጀራዬ ግን ጥገናው ነው። ስለዚህ የእኔ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው በብዛት የተበላሸው ነው። ደህናው መሣሪያ እኔ ዘንድ ምን ሊሠራ ይመጣል? ይህን ታሳቢ አድርገው ያንብቡኝ።

ስለ ኪራይ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ ከቫዮሊን የተወሰደ ይመስለኛል። ቫዮሊን በልጅ ቁመት ይሠራል። ሩብ አለ፣ ግማሽ አለ፣ ሦስት አራተኛ አለ። ልጅ ባደገ ቁጥር ልክ እንደ ጫማ ይጠበዋል። እዚያ ላይ መከራየት ግልጽ ነገር ነው። ትራምፔት እንዲህ አይደለም። የልጅዎ ትራምፔትና የታወቀ ኦርኬስትራ ውስጥ ያለ ሰው የሚነፋው ቢ ፍላት ትራምፔት ቱቧቸው ቢዘረጋ እኩል ነው፤ 1 ሜትር ተኩል ገደማ። ልጅዎ ብታድግም መሣሪያው አይጠባትም። ስለዚህ «ታድጋለች፣ እስክታድግ ልከራይ» የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም።

ታዲያ ኪራይ ለምን? ሲከራዩ የሚከፍሉት ለብረቱ ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር ይገዛሉ። ልጅቷ ከተወችው የመመለስ መብት፣ ወደ ሌላ መሣሪያ ከዞረች የመቀየር መብት፣ ሲበላሽ ደግሞ የሚጠግን ሰው። ወላጆች የመጀመሪያዋን ብቻ ነው የሚያስቡት። እኔን ከጠየቁኝ ሦስተኛዋ ትበልጣለች።

አንድ ቀን አንዲት እናት ትራምፔት ይዘው መጡ። ልጃቸው ለአንድ ወር ያህል ድምፅ ማውጣት አቅቶት አልቅሶ ሊተወው ነው። ከሚያውቁት ሰው የገዙት ያገለገለ መሣሪያ ነበር። ነፋሁት። እንደ ግድግዳ ነው፤ አየር አያሳልፍም። በጣት የሚጫኑትን ሦስቱን ቫልቮች ፈትቼ ሳይ አንደኛውና ሦስተኛው ቦታ ተቀያይረዋል። ልጁ ዘይት ሊቀባ አውጥቶ ሲመልስ አሳስቶ ከትቷቸዋል። ቫልቭ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከየቤታቸው ቱቦ ጋር ካልገጠሙ አየሩ መውጫ የለውም። እያንዳንዱ ቫልቭ ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ 1፣ 2፣ 3። መልሼ በየቦታቸው አደረግኳቸው። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም፤ ገንዘብም አልተቀበልኩም። ያ ልጅ ግን ለአንድ ወር ያህል «እኔ አልችልም» ብሎ አምኗል። መሣሪያው ኪራይ ቢሆን ኖሮ እናቱ በሁለተኛው ቀን ወደ መደብሩ ይመልሱት ነበር።

ጀማሪ ጥፋቱ የእሱ ይሁን የመሣሪያው መለየት አይችልም። 20 ዓመት የተጫወተ ሰው መጥፎ ትራምፔት ቢሰጡት አንድ ጊዜ ነፍቶ «ይሄ ያስተነፍሳል» ይልዎታል። የ11 ዓመት ልጅ ግን ራሷን ነው የምትወቅሰው። መጀመሪያ የሚመጣው መሥራቱ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ለመሆኑ ምኑ ነው እንዲህ ስስ ያደረገው? ቫልቩ ነው። ድሮ ትራምፔት ቫልቭ አልነበረውም፤ ከከንፈር የሚወጡትን ጥቂት ድምፆች ብቻ ነበር የሚሰጠው። ሽቶልትሰል እና ብሉሜል የሚባሉ ሁለት ሙዚቀኞች በ1818 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ለቫልቭ የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ዛሬ የምናውቀው ፒስተን፣ ማለትም በቤቱ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ቫልቭ፣ ከዚያ በኋላ ተሻሽሎ የመጣ ነው። በፒስተኑና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት ያንሳል። ሰፋ ካለ አየር ይሾልካል። ጠበብ ካለ ወይም አሸዋ ከገባበት ይጣበቃል። ከውጭ ሲያዩት የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ነው፤ መሃሉ ላይ ግን ሰዓት የመሰለ ሥራ አለ።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ስሌት። የአዲስ የተማሪ ትራምፔት ዋጋ 100 ነው እንበል። የወር ኪራዩ 4 ይሁን። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የእርስዎን ይተኩባቸው። በ25 ወር የአዲሱን ዋጋ ከፍለው ጨርሰዋል። ባለቤትዎ የሚያዩት ይህንን ነው፤ እውነት አላቸው። ሁለት ዓመት የሚከራይ ሰው ከስሯል።

ግን ልጅቷ በአራተኛው ወር ብትተወውስ? በኪራይ የወጣው 16 ነው። አዲስ ገዝተው ቢሆን ኖሮ መልሰው ሲሸጡት ገዢው «ያገለገለ ነው» ብሎ ይጀምራል። አንድ ቀንም ቢነፋ ያገለገለ ነው። 60 ቢያገኙ 40 ከሰሩ። እዚህ ላይ ኪራዩ ርካሽ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የወዳጅዎ ትራምፔት ነው። በ50 ገዙት እንበል። ለማጽዳትና ለማስተካከል 6 ጨመሩ። ልጅቷ ከአንድ ዓመት በኋላ ብትተወው ያው ትራምፔት 40 ወይም 45 ያወጣል፤ ትልቁን የዋጋ ውድቀት የመጀመሪያው ባለቤት ተሸክሞታልና። ኪሳራዎ ከ11 እስከ 16 ነው። የሦስት ወይም የአራት ወር ኪራይ ማለት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ተጠቅመውበት። እኔ የማውቀው ከዚህ የሚረክስ መንገድ የለም። አንድ ሁኔታ ብቻ አለው፦ ትራምፔቱ ደህና መሆን አለበት። ካልሆነ ይህ ሁሉ ስሌት ይፈርሳል። ያለቀ ቫልቭ እንደገና ለብጦ በልኩ መሞረድ የተማሪ ትራምፔቱን ራሱን ሊያህል የሚችል ሒሳብ ያመጣል።

እንግዲህ ወዳጅዎ ቤት ይሂዱ። ሲሄዱ የሚከተለውን ይሞክሩ፤ ሙዚቃ ማወቅ አያስፈልግም።

ማበጠርያ እንደተነፈገ ፀጉር የተዝረከረከ መልኩን ይርሱት። ላከሩ (የሚያብረቀርቀው ሽፋን) መላጡ፣ ቢጫው መደብዘዙ፣ ጣት የሚያርፍበት ቦታ መጥቆሩ ድምፁን አይነካም። እንዲያውም ብዙ የተነፋ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ መሣሪያ ነበር ማለት ነው፤ መጥፎውን ማንም ያን ያህል አይነፋውም። ሰፊው አፉ ላይ ያለ ትንሽ ስርጉድም አያስጨንቅዎ። ስርጉዱ ያለበት ቦታ ነው ወሳኙ። ማውዝፒስ (ከንፈር የሚያርፍበት ተነቃይ ክፍል) የሚሰካበት የመጀመሪያው ቱቦ ላይ ከሆነ ድምፅ ያበላሻል፤ ቱቦው እዚያ ጋ ቀጭን ነው። የቫልቮቹ ቤት ላይ ከሆነ ደግሞ ፒስተኑን ይይዘዋል። ይህን ካዩ ወደ ኋላ ይበሉ።

ቀጥሎ ቫልቮቹን ይጫኑ። አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ ቀጥ አድርገው፣ ከዚያ ጣትዎን ትንሽ አዘንብለው። ቀጥ ብሎ ሲጫኑት ፈጥኖ የሚመለስ፣ በጎን ሲጫኑት የሚዘገይ ከሆነ አልቋል ወይም ተጣሟል። ሻጩ ዘይት ይቀባልዎ፤ ምንም ነውር የለውም። ደረቅ ቫልቭ ማንንም ያታልላል።

ከዚያ የምወዳት ሙከራ ትመጣለች። ከመሃለኛው ቫልቭ ጎን የወጣች አጭር የታጠፈች ቱቦ አለች፤ ሁለተኛዋ ስላይድ ትባላለች። ቫልቩን ሳይጫኑ ስላይዷን ይሳቡ። ስትወጣ «ፖፕ» ማለት አለባት፤ ቡሽ ከጠርሙስ ሲነቀል እንደሚለው። ቫልቩ ካልተጫኑት ያቺን ቱቦ በሁለቱም በኩል ይዘጋታል። ሲስቧት ውስጧ አየር ያጥራል፤ አፏ ሲከፈት አየሩ ተሽቀዳድሞ ይገባል። ድምፁ እሱ ነው። ዝም ብላ ከወጣች አየር በፒስተኑና በቤቱ መካከል እየሾለከ ነው። (ተንኮለኛ ሻጭ ወፍራም ዘይት ቀብቶ ሊያስጮኻት ይችላል። ወዳጅዎ እንዲህ አያደርጉም ብዬ አስባለሁ።) ሌሎቹንም ስላይዶች ይሳቧቸው። ሁሉም በእጅ መንቀሳቀስ አለባቸው። የደረቀ ስላይድ ብዙ ጊዜ ይላቀቃል፤ ግን ሥራው የጠጋኝ ነው። በፒንሳ አይሞክሩት።

ፒንሳ ካነሳን ማውዝፒሱን ይንቀሉት። በእጅ ትንሽ ጠምዘዝ ሲያደርጉት መውጣት አለበት። ካልወጣ ይተዉት። አንድ አባት የተጣበቀ ማውዝፒስ በቧንቧ መፍቻ ጠምዝዘው አወጡ። ማውዝፒሱ ወጣ፤ አብሮት ደግሞ የመጀመሪያው ቱቦ እንደ ጨርቅ ተጠምዞ ወጣ። ለዚህ ሥራ የተሠራ ትንሽ ማውጫ አለ። ከሁለቱም ወገን ቀጥ አድርጎ ይገፋል፣ አይጠመዝዝም። እኔ ጋ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እሳቸው የከፈሉት ለአዲስ ቱቦ፣ ለብየዳውና ለላከሩ ነበር።

ማውዝፒሱ ከወጣ በስልክዎ መብራት ቱቦው ውስጥ ይመልከቱ። ቆሻሻ ቢያዩ አይደንግጡ፤ ይታጠባል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። የተለመደው ቢጫ ናስ 70 በመቶ ያህል መዳብ፣ 30 በመቶ ያህል ዚንክ አለው። ሳይታጠብ የኖረ ቱቦ ውስጥ እርጥበትና ምራቅ ዚንኩን እየበላ ያወጣዋል፤ የሚቀረው ስፖንጅ የመሰለ ቀይ መዳብ ነው። ከውጭ ሲታይ ሮዝ ነጠብጣብ ይመስላል፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው። ሲያዩት ከላይ የጀመረ ይመስላል፤ የበላው ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። የመጀመሪያው ቱቦ ላይ አንድ ሁለት ካለ ቱቦው ውሎ አድሮ መቀየሩ አይቀርም። በዋጋው ላይ ይከራከሩበት። በብዙ ቦታ ካለ ይተዉት።

የመጨረሻው፣ የመለያ ቁጥሩ። አብዛኛውን ጊዜ መሃለኛው ቫልቭ ቤት ላይ ይቀረጻል። ተፍቆ ከጠፋ ጥያቄ ያስነሳል። የወዳጅ ዕቃ ቢሆንም ይዩት፤ ኢንሹራንስ ለማስገባትም ይጠየቃሉ። የሠሪውን ስም ደግሞ ይመዝግቡ። ያማሃ፣ ባክ፣ ኮን፣ ኪንግ፣ ጌትዘን፣ ጁፒተር ከሆነ መለዋወጫ ይገኛል፤ ጠጋኝም አይመልስዎትም።

ይህን ሁሉ ካለፈ ለጠጋኝ ወስደው አንድ ጊዜ ያስመርምሩት። «ከገዛሁ በኋላ» ሳይሆን ከመግዛትዎ በፊት። ወዳጅ ወዳጅ ነው፤ ለሁለት ቀን ቢያውሱዎት ምን ይጎድልባቸዋል?

ሰማያዊው ላይ ቃል ገብቼ ነበር። ቀለሙ ኃጢአት የለበትም። ችግሩ ከቀለሙ በታች ያለው ነው። ሠሪው የማይታወቅ፣ ዋጋው ከተፈጥሮ በታች የሆነ ትራምፔት አንድ ቦታ ላይ ተቆጥቦበታል፤ የሚቆጠብበት ደግሞ ዓይን የማያየው ቫልቩ ላይ ነው። ናሱ ስለሚሳሳ ወንበር ላይ ሲወድቅ ይታጠፋል። ብየዳው ይለቃል። አንድ ቫልቭ ቢሰበር የሚተካው የለም፤ ልኩ ከማንም ጋር አይገጥምም። ብዙ ጠጋኞች አይነኩትም። እኔም ብዙውን ጊዜ እመልሳለሁ፤ ክፉ ሆኜ አይደለም፣ የጥገናው ዋጋ ከመሣሪያው ስለሚበልጥ ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት እሱ ነው። ልጅቷን ለማስደሰት ከሆነ ሰማያዊ ኬዝ ይግዙላት።

አንድ ነገር ግን ልለይ። ስማቸው የታወቀ የፕላስቲክ መሣሪያዎች አሉ። እነሱን ከዚህ ጋር አልደባልቅም። በተለይ የፕላስቲክ ትሮምቦን ከ1 ኪሎ በታች ይመዝናል። ክንዷ ለደከመ ትንሽ ልጅ መጀመሪያ ጥሩ ነው። ቫልቭ ስለሌለው ብዙም የሚበላሽ ነገር የለውም።

አሁን ወደ መደብሩ ውል። በየወሩ እየከፈሉ የራስ የማድረግ ውል መጥፎ አይደለም፤ ውስጡ ግን መነበብ አለበት። ከኪራዩ ስንት እጅ ነው ወደ ግዢው የሚታሰበው? ሁሉም የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ውል ግማሹን ብቻ ይቆጥራል፤ ሌላው የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ። ሁለተኛ፣ የሚታሰበው ከየትኛው ዋጋ ላይ ነው? መደርደሪያው ላይ ከተለጠፈው ሙሉ ዋጋ ከሆነና ያው ትራምፔት በካሽ ሲገዛ በቅናሽ የሚሸጥ ከሆነ፣ ከተጠራቀመልዎት ገንዘብ የተወሰነው ተንኖ ጠፍቷል። ደግሞ ያጠራቀሙት የሚያገለግለው እዚያው መደብር ብቻ ነው። ልጅቷ ብትተወው ወይም ሌላ ቦታ የተሻለ ቢያገኙ፣ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።

ጥገናውን ሲጠይቁ «ኢንሹራንስ አለው» በሚል መልስ አይርኩ። ቢወድቅስ? ቢሰረቅስ? ቫልቭ ቢጣበቅስ? ጥገና ላይ እያለ ምትክ ይሰጡኛል? የመጨረሻዋ ትልቅ ናት። ልጅ ሦስት ሳምንት ያለ መሣሪያ ከቀረች፣ ተመልሳ ለመጀመር ፍላጎቷ መቀዝቀዙ አይቀርም። ወደ ሌላ መሣሪያ ብትዞር የተጠራቀመው አብሯት ይዞራል ወይ? ይህንም ይጠይቁ። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያግኙ። ደግሞ ሲረከቡ እያንዳንዱን ስርጉድ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ሲመልሱ «ይሄ ያንቺ ነው» እንዳይሉዎት።

የሚያከራዩት አዲስ ካልሆነ አይከፉ። ያገለገለ፣ ግን በጠጋኝ እጅ ያለፈ ትራምፔት ከሳጥን ከወጣ አዲስ ይልቅ አንዳንዴ ቀለል ብሎ ይሠራል። ኪራዩም ይረክሳል።

እንግዲህ የትኛውን? ከመወሰንዎ በፊት አንድ ሰው ይጠይቁ፤ መምህሯን። የሚጠይቁት «ልጄ ጎበዝ ናት?» አይደለም። «የዛሬ ዓመት ትራምፔት ላይ ትቆያለች ብለው ያስባሉ?» ነው። መምህራን ከምንገምተው በላይ ያውቃሉ። ቡድን ውስጥ ትራምፔት ይበዛል፤ ሆርንና ዩፎኒየም የሚባሉት ሌሎች የብራስ መሣሪያዎች ግን ተጫዋች ያጥራቸዋል። ጆሮዋ ንቁ የሆነች ልጅ ሲያዩ ወደ ሆርን ሊያዞሯት በልባቸው ያስቡ ይሆናል። ቶሎ ነው ብለው ግን አይነግሩዎትም፤ ካልጠየቋቸው። ሌላው የጥርስ ነገር ነው። ሐኪሙ በቅርቡ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ያስፈልጋታል ካሉ፣ ትራምፔት ከንፈርን ጥርስ ላይ ስለሚጫን መጀመሪያ ያማታል። ብዙዎች ይለምዱታል። አንዳንዶች ግን ማውዝፒሱ ሰፋ ወዳለ መሣሪያ ይሄዳሉ፤ ወደ ዩፎኒየም ወይም ትሮምቦን።

መምህሩ «ትቆያለች» ካሉና የወዳጅዎ ትራምፔት ምርመራውን ካለፈ፣ ይግዙት። ባለቤትዎ ትክክል ናቸው ማለት ነው። መምህሩ ከተጠራጠሩ ወይም ትራምፔቱ ከወደቀ፣ ይከራዩ፤ ግን ገደብ ያብጁለት። ዓመቱ ሲሞላ ልጅቷ አሁንም እየነፋች ከሆነ ኪራዩን ያቁሙና ደህና ያገለገለ ይፈልጉ። ብዙ ወላጅ የሚከስረው በመከራየቱ አይደለም። መከራየቱን በመርሳቱ ነው፤ በየወሩ ገንዘቡ ይቆረጣል፣ ሁለት ዓመት ሦስት ዓመት ይሆናል፣ ማንም አልቆጠረም።

ይህን የሚያነቡ የሌላ መሣሪያ ወላጆች እንዳይሳሳቱ፤ ያልኩት ለትራምፔት ነው። የትራምፔት የቅርብ ዘመድ ለሆነው ለኮርኔትም ይሠራል። የኮርኔት ቱቦ ርዝመቱ ከትራምፔት እኩል ነው፤ አጠቃለሉ ግን ሰብሰብ ያለ በመሆኑ ክብደቱ ወደ ሰውነት ስለሚጠጋ ትንንሽ ልጆች በቀላሉ ይይዙታል። ትሮምቦን ላይም ያው ነው፤ ቫልቭ ቢጎድለውም እየተሳበ የሚወጣና የሚገባው ረጅሙ ስላይድ ቫልቭ ነው ብለው ይቁጠሩት። መሣሪያውን ወደ ታች ዘንበል ሲያደርጉትና መቆለፊያውን ሲከፍቱ የውጭው ስላይድ በራሱ ክብደት ያለ እንቅፋት መውረድ አለበት። ከታች እጅዎን ይዘርጉ እንጂ መሬት ላይ አይጣሉት። መሃል ላይ ከቆመ ተጣሟል፤ የተጣመመ ስላይድ ማቅናት ደግሞ የጥገና ሥራዎች ሁሉ ራስ ነው።

ሆርንና ቱባ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። ድርብ ሆርን በአንድ አካል ሁለት መሣሪያ ነው። በኤፍ የተቃኘው ቱቦ 3.7 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ በቢ ፍላት የተቃኘው ደግሞ 2.7 ሜትር። ቫልቮቹ የሚሽከረከሩ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ተፈትተው አይታጠቡም። ቱባ ደግሞ 5 ሜትር ተኩል ቱቦ ሲሆን ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል። ዋጋቸው ከትራምፔት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የቱባ ተማሪ ወላጅ ከሆኑ አይግዙ። ትምህርት ቤቱ ካለው ያውሳችሁ፤ ከሌለው ይከራዩ፣ ለረጅም ጊዜም ይሁን። በሙያው ከሚኖሩ የቱባ ተጫዋቾች እንኳ አንዳንዶቹ በቡድናቸው መሣሪያ ነው የሚጫወቱት። የሆርን ተማሪ ከሆነች ቢያንስ ሦስት ዓመት እስክትቆይ ይጠብቁ።

ሌላ አንድ ነገር፣ ስላልጠየቁኝ። ማውዝፒሱን በኪራይም ቢሆን በግዢም ቢሆን የራሷን ይግዙላት። ዛሬውኑ። ከንፈሯ የሚለማመደው ከእሱ ጋር ነው፤ መሣሪያ ቢቀየር እንኳ ማውዝፒሱ አብሯት ይሄዳል። ጀማሪ ትራምፔት ላይ ብዙ መምህራን የሚጀምሩት በባክ 7ሲ ወይም በእሱ ልክ በተሠራ ነው። በባክ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያንስ ማውዝፒሱ ይሰፋል። ፊደሉ ደግሞ ጥልቀቱ ነው፤ ኤ ጥልቅ፣ ኤፍ ጥልቀቱ ያነሰ፣ ሲ መካከለኛ። ስለዚህ «3ሲ ከ7ሲ ይሻላል» የሚል ሻጭ ካገኙ የሚሸጥልዎት የተሻለ ሳይሆን ሰፊ ነው። ለጊዜው 7ሲ ይበቃታል።

የትምህርት ቤቱን ማውዝፒስም በየቀኑ ሌላ ልጅ ይነፋዋል። የራሷ ሲገዛላት በለብ ያለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በሳምንት አንዴ ትጠበው፤ ውስጡ በትንሽ ብሩሽ ይፈተግ። ትራምፔቱንም እቤት ስታጥብ ያው ለብ ያለ ውሃ ነው። የፈላ ውሃ ላከሩን ይልጠዋል፤ ከዚያ የወዳጅዎ ልጅ ያልላጠውን እሷ ላጠችው ይባላል። ቫልቮቹን ስታወጣ ደግሞ አንዱን መልሳ ሳትከት ሌላውን አታውጣ።